ሰባት ሌሊት በውቅያኖስ ላይ

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እኔ ግን አይቼው የማላውቀውን ባሕር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አስተምሬአለሁ። የጂኦግራፊ መምህር ነበርሁ። ካርታውን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሰቅዬ፣ በቀጭን በትር እየጠቆምሁ፣ «ይህ አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው፤ በስፋቱ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ቀጥሎ ሁለተኛ ነው፤ አውሮፓንና አፍሪካን ከአሜሪካ ይለያል» እል ነበር። በዚያ ካርታ ላይ ከእንግሊዝ አገር እስከ ኒውዮርክ ያለው ርቀት ከአንድ ስንዝር አይበልጥም ነበር።

አንድ ቀን ከኋላ መቀመጫ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «ጋሼ፣ መሐሉ ላይ ሲደርሱ ምን ይታያል?» ሲል ጠየቀኝ። «ውኃ ነዋ!» አልሁት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ ጠያቂው ግን አልሳቀም። መልሴ እንዳላረካው ከፊቱ አነበብሁ። እኔንም አላረካኝም፤ ምክንያቱም የተናገርሁት ሐሰት ባይሆንም፣ አይቼ ያረጋገጥሁት ነገር አልነበረም። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ከሄደ በኋላ እንኳ ጥያቄው እንደ ዕዳ ከእኔ ዘንድ ቀረ።

ነገሩን የሚያስገርመው እኔም በልጅነቴ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቄ ማወቄ ነው። የተወለድሁት ከጣና ሐይቅ ዳር፣ በዘጌ ነው። ታላቅ እኅቴ ቡናና እንጨት በደንገል ታንኳ እያስጫነች ባሕር ዳር ገበያ ትሸጥ ነበር። እኔን ለትምህርት ወደ ባሕር ዳር የወሰደችኝም በዚያው ታንኳ፣ ከቡናው ጆንያ ጎን አስቀምጣ ነው። ዳርቻው እየራቀ ሲሄድ ፍርሃት ያዘኝና፣ «እትዬ፣ መሐሉ ላይ ምን አለ?» አልኋት። እርሷም ነጠላዋን በትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ «መሐሉማ መታገሥ ብቻ ነው» አለችኝ። ደብተሬም፣ ልብሴም፣ የቤት ኪራዬም የተገኘው ከዚያ ቡናና ከዚያ እንጨት ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ልጄን ለመጠየቅ ወደ ለንደን ሄድሁ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግሬ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ከልጆቿ ጋር የምትኖረውን እኅቴን ለማየት አስቤ የመግቢያ ፈቃዱን ይዤ ነበር። ከተለያየን ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖናል። ዳሩ ግን ለንደን ሳለሁ ጆሮዬን ታምሜ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ሐኪሙም፣ በአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊት ስለሚለዋወጥ ቁስሉ እስኪጠገን ድረስ መብረር እንደሌለብኝ ነገሩኝ። በዚያው ሰሞን እኅቴ የልብ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላት ቀን እንደ ተቆረጠላት ሰማሁ። በስልክም፣ «አትቸገር ወንድሜ፤ አንተ ጆሮህን አስታም» አለችኝ። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለው ሕክምና ምን ሊያስከትል እንደሚችል ሁለታችንም እናውቅ ነበርና፣ ዝም ብለን ቆየን። በማግስቱ ልጄ፣ «አባዬ፣ ለምን በመርከብ አትሄድም?» አለችኝ። ሐኪሙም ተጠይቀው ፈቀዱ። መርከቡ በአንድ እሑድ ተነሥቶ በሚቀጥለው እሑድ ኒውዮርክ ይገባል። የእኅቴ ሕክምና ማክሰኞ ነበር። በመካከሉ የነበረኝ ትርፍ ጊዜ ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ ሰው አትላንቲክን በመርከብ የሚሻገረው ቸኩሎ አይደለም። ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ ምድር ለማየት 36 ቀን ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1838 «ግሬት ዌስተርን» የተባለው የእንፋሎት መርከብ ከእንግሊዝ አገር ኒውዮርክ የደረሰው በ15 ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ «ዩናይትድ ስቴትስ» የተባለው መርከብ ውቅያኖሱን በ3 ቀን ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አቋረጠው። ከ1958 ወዲህ ግን የጄት አውሮፕላን መንገደኛውን ከመርከቦች እጅ ነጠቀ። እኔ የተሳፈርሁበት «ኩዊን ሜሪ 2» በፈረንሳይ አገር በሳን ናዜር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረ፣ ርዝመቱ 345 ሜትር የሆነ መርከብ ነው። ይህም ከሦስት የእግር ኳስ ሜዳዎች ርዝመት በላይ ነው። ለሽርሽር ብቻ ከሚሠሩት መርከቦች የሚለየው፣ አካሉ ይበልጥ ጠንካራ፣ አፍንጫው ይበልጥ ረጅም ሆኖ፣ የሰሜን አትላንቲክን ማዕበል እንዲቋቋም መታነጹ ነው።

እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ከወደብ ከወጡ በኋላ እስከ ሌላው ወደብ ድረስ የሚወረድበት ቦታ የለም። ስለዚህ መድኃኒት ያለው ሰው ለጉዞው ቀን ብቻ ሳይሆን ለመዘግየትም የሚበቃውን ይያዝ፤ እርሱንም በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጁ ቦርሳ ያድርገው፤ ትልቁ ሻንጣ በወደብ ተወስዶ ወደ ክፍሉ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነውና። በመርከቡ ላይ ሐኪምና የሕክምና ክፍል አለ፤ ነገር ግን እንደ ትልቅ ሆስፒታል ሁሉን የሚያደርግ አይደለም። በበጋም ቢሆን የሰሜኑ ንፋስ አጥንት ይሰብራልና ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። ለእራት ደግሞ መልካም ልብስ መልበስ የሚጠበቅባቸው ምሽቶች አሉ። እኔ ልጄ የገዛችልኝን ጥቁር ኮት ይዤ ነበር፤ ዋጋውን ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

በሳውዝሃምፕተን ወደብ ፓስፖርቴና የመግቢያ ፈቃዴ ተመርምሮ ከገባሁ በኋላ፣ መርከቡ ከመንቀሳቀሱ በፊት መንገደኛው ሁሉ ለአደጋ ጊዜ ልምምድ ተጠራ። ሰባት አጫጭርና አንድ ረጅም የጡሩምባ ድምፅ ሲሰማ እያንዳንዱ ወዴት እንደሚሄድ፣ የመንሳፈፊያውን ሰደርያ እንዴት እንደሚታጠቅ ተነገረን። ከአጠገቤ የነበሩ ጥቂት ሰዎች ልምምዱን እንደ ጨዋታ ቆጥረው ይሳሳቁ ነበር። እኔ ግን «ታይታኒክ» የተነሣው ከዚሁ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 10 ቀን 1912 መሆኑ ትዝ አለኝ። በዚያ መርከብ ላይ 2,200 ያህል ሰዎች ሲኖሩ፣ የሕይወት አድን ጀልባዎቹ ሊይዙ የሚችሉት 1,178 ሰዎችን ብቻ ነበር። ወደ 1,500 የሚሆኑት አለቁ። በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1914፣ መንግሥታት ተሰብስበው በባሕር ላይ የሰውን ሕይወት ስለ መጠበቅ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈራረሙ። ዛሬ መንገደኛው ለጥቂት ደቂቃዎች ሰደርያ ይዞ የሚቆምበት ሥርዓት በብዙ ሰው ሞት የተገዛ ነው።

ወደ ማታ መርከቡ ከወደቡ ተላቀቀ። እንቅስቃሴው ከቶ አልተሰማኝም፤ ሰው በባቡር ተቀምጦ ጣቢያው የሚሄድ እንደሚመስለው፣ የሄደ የመሰለኝ ከተማው ነው። የእኔ ክፍል ከሁሉ ርካሹ ስለ ነበረ መስኮት አልነበረውም። መብራቱ ሲጠፋ ሌሊቱን ከቀን መለየት አይቻልም። ንጹሕ አልጋ፣ መታጠቢያ ቤትና ትንሽ ጠረጴዛ ነበረው። ሌሊቱን ከእንቅልፌ በነቃሁ ቁጥር ከሩቅ የሚመስል የሞተር ድምፅ እሰማለሁ፤ ግድግዳውም እንደ አሮጌ በር ቀስ ብሎ ይንቃቃል። ማለዳ ወደ ውጭ ስወጣ መሬት ጠፍቶ ነበር።

ሰኞ ማታ ንፋሱ በረታ። የንፋስን ብርታት ከዜሮ እስከ 12 የሚለካ፣ በባሕር መኰንኑ በቦፎርት ስም የሚጠራ መለኪያ አለ። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ የመርከቡ አዛዥ በድምፅ ማጉያ ንፋሱ 9 መድረሱን ነገሩን፤ ይህም በሰዓት ከ75 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ማዕበሉም ከስድስት ሜትር በላይ ከፍ ይል ነበር። መርከቡ ከሆዱ ግራና ቀኝ የሚዘረጉ እንደ ክንፍ ያሉ ማረጋጊያዎች አሉት፤ እነርሱም ወደ ጎን መወዛወዙን ይቀንሱታል። ፊቱን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ታች መውደቁን ግን ሊያስቀሩት አይችሉም። በመተላለፊያው ያሉት መደገፊያዎች ለምን እንደ ተሠሩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ማቅለሽለሽና ማዞር ያዘኝ። የዚህ ሕመም ምክንያቱ ሆድ አይደለም፤ ጆሮ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያለው ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል «እየተናወጥን ነው» ሲል፣ ዓይን ደግሞ የክፍሉን ግድግዳ አይቶ «ቆመናል» ይላል። አእምሮም የሁለቱን ምስክርነት ማስታረቅ ሲያቅተው ሰውየው ይታመማል። ከአውሮፕላን ያስቀረኝ ጆሮ በመርከብም አልማረኝም። ክፍሌን ያጸዳ የነበረው ሰው መፍትሔውን አሳየኝ። ከሁሉ በፊት ከአልጋ መነሣት፣ መወዛወዙ ወደሚያንስበት ወደ መርከቡ መካከል መሄድ፣ ከተቻለም ከውጭ ሆኖ አድማሱን ትክ ብሎ ማየት ነው። ሆድን ባዶ አለማድረግ፣ ደረቅ ብስኩትና ዝንጅብል መውሰድም ይረዳል። እኔም አድማሱን ስመለከት ዓይኔና ጆሮዬ ቀስ በቀስ ታረቁ። ዝንጅብሉ ግን ከእናቴ ቤት የማውቀው መድኃኒት ነበርና፣ በዚያ ሩቅ ባሕር ላይ ማግኘቴ አጽናናኝ።

ከሕመሙ ይልቅ የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። አዛዡ በዚያው ዕለት፣ በማዕበሉ ምክንያት የመርከቡን ፍጥነት መቀነሳቸውን ተናገሩ። ወዲያው ወረቀት አውጥቼ ማስላት ጀመርሁ። ከሳውዝሃምፕተን እስከ ኒውዮርክ ወደ 3,150 የባሕር ማይል፣ ማለትም 5,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ርቀት ከአዲስ አበባ እስከ ለንደን በአየር ካለው ጋር ይቀራረባል፤ ያንን እኔ በአንድ ሌሊት በእንቅልፍ አልፌው ነበር። «በዚህ አዝጋሚ ፍጥነት ከሄድን ሰኞ ማታ፣ ምናልባትም ማክሰኞ እንደርሳለን» ብዬ ደመደምሁ። ሌሊቱን ሙሉ ቁጥሩን ብደጋግመውም ባሕሩ አልሰማኝም።

ረቡዕ ንፋሱ ሲበርድ አዛዡ ፍጥነቱን እንደ ጨመሩና በቀኑ እንደምንደርስ አበሠሩን። በኋላ አንድ የመርከቡን መኰንን ጠይቄ ምክንያቱን ተረዳሁ። መርከቡ በሰዓት ወደ 30 የባሕር ማይል ለመጓዝ የሚችል ሲሆን፣ በደኅና ቀን የሚጓዘው ግን በ20 ማይል ግድም ነው። የቀረውን ኃይል ለክፉ ቀን ያስቀምጠዋል። ማዕበል ሲመጣ ይታገሣል፤ ማዕበሉ ሲያልፍ ያስቀመጠውን አውጥቶ የዘገየውን ያካክሳል። ኃይሉን ሁሉ በየቀኑ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ቀን የዘገየ እንደ ዘገየ በቀረ ነበር። እኔ ሌሊቱን ሙሉ በጭንቀት ያባከንሁትን ኃይል መርከቡ ሳይነካው አሳድሮት ነበር።

መንገደኛው ሊጠብቀው ከሚገባው ሌላው ነገር የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ትዞራለች። በሳውዝሃምፕተንና በኒውዮርክ መካከል ወደ 73 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ፤ ይህም አምስት ሰዓት ያህል ነው። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው አምስቱን ሰዓት በአንድ ጊዜ ይቀበልና ለቀናት እንቅልፉ ይዛባበታል። በመርከብ ግን ወደ ምዕራብ ሲጓዙ በአምስት ሌሊቶች አንድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እያንዳንዱም ቀን ሃያ አምስት ሰዓት ይሆናል። ይህን ሒሳብ ለስንት ዓመት በሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ! በሰውነቴ ያወቅሁት ግን ያን ጊዜ፣ ሳልቸኩል በተሰጠኝ በእያንዳንዱ ትርፍ ሰዓት ነው።

በዚህ ሁሉ ሰዓት ምን ይሠራል? ምግቡ ብዙ ነው፤ ራሱን የማይገዛ ሰው ከአንዱ ማዕድ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ይውላል። የሚጠጣው ውኃ ከዚያው ከባሕሩ ተወስዶ፣ እንዲተን ተደርጎ ጨው የተለየለት ነው። በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ያሉት ቤተ መጻሕፍት፣ ቲያትር፣ የሰማይ ከዋክብትን በጣራው ላይ የሚያሳይ አዳራሽም አለ። እኔ የወደድሁት ግን መርከቡን የሚከበውን የውጭ መተላለፊያ ነው፤ አንዱ ዙር ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ጠዋት ጠዋት እየተመላለስሁ እራመድ ነበር። በእራት ጠረጴዛችን ላይ ስድስት ሰዎች ተመድበን ነበር። አንዲቱ አውሮፕላን የምትፈራ ነርስ፣ ሁለቱ ውሻቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ የሚዛወሩ ባልና ሚስት ነበሩ። በመጀመሪያው ምሽት ስለ አየሩ ብቻ ተነጋገርን፤ በአምስተኛው ምሽት ነርሷ ስለ እኅቴ ልብ በዝርዝር ጠየቀችኝ፤ ሕክምናውንም በምረዳው ቋንቋ አስረዳችኝ። ከምድር ተለይቶ አብሮ የሚጓዝ ሰው ቶሎ ይቀራረባል።

ማዕዱን ያቀርብልን የነበረው የፊሊፒንስ ተወላጅ ወጣት ነው። ለስምንት ወር ያህል ከቤቱ ተለይቶ እንደሚሠራ ነገረኝ። «ውቅያኖሱን ስንት ጊዜ ተሻግረኸዋል?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀና፣ መቍጠር እንደ ተወ ነገረኝ። ከሚያገኘው ደመወዝ አብዛኛውን የሚልከው ታናሽ ወንድሙን ለማስተማር ነበር። ይህን ሲናገር ሳህኑን አንሥቶ ወደ ሌላው ጠረጴዛ አለፈ። እኔ ግን ጉሮሮዬ ተይዞ ምግቡን መጨረስ አቃተኝ። ያ ወንድም አንድ ቀን መምህር ይሆን ይሆናል። ካርታ ሰቅሎ ባሕርን በበትር ሲጠቁም፣ ያንን በትር ማን እንዳስጨበጠው ያስታውስ ይሆን? እኔ ለእኅቴ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የላክሁላት ደብዳቤ በጣት የሚቆጠር ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ላይኛው ደርብ ወጣሁ። ባለፈው ሌሊት ከበታቻችን፣ በባሕሩ ወለል ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋውን የመካከለኛውን አትላንቲክ ተራራ አልፈን ነበር። በዚያ ተራራ ላይ የምድር ቅርፊት ተሰንጥቆ በየዓመቱ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ይራራቃል። በአገራችንም በአፋር ምድር የሚታየው ሥራ ከዚህ ጋር ዝምድና አለው፤ በ1998 ዓ.ም. መስከረም ወር በዚያ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር ተከፍቶአል። አዛዡ ከሥራችን ያለው ጥልቀት ከ4,000 ሜትር በላይ እንደ ሆነ ነግረውናል፤ ራስ ዳሽንን ከዚያ ወለል ብናቆመው አናቱ ብቻ ብቅ ይል ነበር። በየትኛውም አቅጣጫ በመቶ በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ መሬት የለም። እንግዲህ መሐሉ ይህ ነው።

ምን ይታያል? መጀመሪያ የሚታየው ክብ ነው። ከ30 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው አድማሱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅለታል። ስለዚህ በዙሪያው 40 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሜዳ ይዘረጋል፤ መርከቡም ዘወትር ከክቡ መካከል ነው። ቢሮጥም ቢያዘግምም ወደ ጠርዙ አይደርስም። እኔ መሐሉን የደረስሁት በዚያ ቀን መስሎኝ ነበር፤ ለካስ መሬት ከጠፋ ጀምሮ ሁልጊዜ መሐል ላይ ነበርሁ፤ መሬት እስኪታይም ድረስ መሐል ላይ እሆናለሁ። ውኃውም አንድ ቀለም የለውም፤ ከደመና በታች እንደ እርሳስ ይጠቁራል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠልቃል፤ መርከቡ በሰነጠቀው ዱካ ላይ እንደ አረንጓዴ ጠርሙስ ያበራል። ንፋስ በሌለበት እንኳ ረጃጅም ሞገዶች ከሩቅ ይመጣሉ፤ እኛ ያላየነው ማዕበል የላካቸው ናቸው። አንዳንድ የባሕር ወፎች በክንፋቸው ጫፍ ውኃውን ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው ይታጠፋሉ። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ሳይ፣ ከተነሣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀን ሳልቈጥር ቀረሁ።

ሐሙስ በኒውፋውንድላንድ ደቡብ ጉም ዋጠን። ከደቡብ የሚመጣው ሞቃቱ የገልፍ ጅረትና ከሰሜን የሚወርደው ቀዝቃዛው የላብራዶር ጅረት የሚገናኙት በዚያ አካባቢ ነው። ሞቃቱና እርጥቡ አየር በቀዝቃዛው ውኃ ላይ ሲያልፍ ጉም ይሆናል። ይህን ለፈተና ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ! በጉም ጊዜ የሚጓዝ መርከብ ከሁለት ደቂቃ ባልበለጠ ልዩነት ጡሩምባውን ረዘም አድርጎ እንዲነፋ የባሕር ሕግ ያዝዛል። ድምፁ ሌሊቱን ሙሉ ይሰማ ነበር። «ታይታኒክ» ያረፈውም በዚያው ባሕር፣ 3,800 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ወለል ላይ ነው። ከዚያ አደጋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ፣ ተንሳፋፊ የበረዶ ክምር የት እንዳለ እየተከታተለ መርከቦችን የሚያስጠነቅቅ ዓለም አቀፍ ጠባቂ ተቋቁሞአል። የእኛም መርከብ ማስጠንቀቂያውን ተከትሎ ወደ ደቡብ ዘወር ብሎ አለፈ። መስኮት በሌለው ክፍሌ ተኝቼ፣ ስለ እኔ የሚነቁ ሰዎች እንዳሉ እያሰብሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እሑድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ መንገደኛው ሁሉ ካፖርቱን ደርቦ ወጣ። የኒውዮርክን መግቢያ የሚያሻግረው የቬራዛኖ ድልድይ ከፊታችን በመብራት ተንቈጥቍጦ ነበር። የመርከቡ ጭስ ማውጫ ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው በጥቂት ሜትሮች ብቻ ስለ ሆነ፣ ሁላችንም ሳናውቀው አንገታችንን ዝቅ አደረግን። ጎሕ ሲቀድ እ.ኤ.አ. በ1886 የተመረቀው የነፃነት ሐውልት ታየ። አጠገቡም ኤሊስ ደሴት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1954 ድረስ ከ12 ሚሊዮን በላይ ስደተኞች በእርስዋ በኩል ወደ አሜሪካ ገብተዋል። በመርከቡ ላይ አንድም ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አልተናገረም። ብሩክሊን ወርጄ መሬት ስረግጥ ምድሪቱ ከእግሬ ሥር ትወዛወዝ ነበር፤ ሰውነት ባሕሩን ቶሎ አይረሳምና፣ ይህም ለአንድ ሁለት ቀን ሊቆይ እንደሚችል መጠበቅ ያስፈልጋል።

በዚያው ቀን ማታ እኅቴ ዘንድ ደረስሁ። በደጃፉ ወንበር አስወጥታ ተቀምጣ ነበር። ከተላቀስን በኋላ፣ «ባሕሩ እንዴት ነበር?» አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስናገር የኖርሁ ሰው አፌ ተሳሰረ። በመጨረሻ፣ «እትዬ፣ ጣና ላይ የነገርሽኝ እውነት ነበር፤ መሐሉ መታገሥ ብቻ ነው» አልኋት። እርሷ ግን ነገሩን አላስታወሰችውም። «እኔ እንዲህ ብዬ ነበር?» ብላ ሳቀች። በእኔ ልብ ሃምሳ ዓመት የኖረው ቃል ለእርሷ ልጅ ለማባበል የተናገረችው የአንድ ቀን ነገር ነበር። ያን ጊዜ በደብዳቤ ልጽፍላት ይገባኝ የነበረውን ምስጋና በአፌ ነገርኋት። ማክሰኞ ሕክምናው ስድስት ሰዓት ፈጀ። ከልጆቿ ጋር በመተላለፊያው ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ሰዓቴን እንደ መርከቡ የመጀመሪያ ቀናት ደጋግሜ አላየሁም። ሐኪሟ ወጥተው «ደኅና ነች» ሲሉን ፀሐይ እየጠለቀች ነበር።

ይህን ያነበባችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ምናልባት አንድ ቀን እናንተም ውቅያኖስ ትሻገሩ ይሆናል። መድኃኒታችሁን በእጃችሁ ያዙ፤ ልምምዱን አትናቁ፤ ሲያዞራችሁ አድማሱን ተመልከቱ፤ ባሕሩ እንዲፈጥን አትለምኑት። ከኋላ መቀመጫ እጁን ያወጣው ልጅ ግን ዛሬ ጎልማሳ ሆኖአል፤ የት እንዳለ አላውቅም። ይህ ጽሑፍ በእጁ ቢገባ፣ የዚያን ቀን መልሴን ላርምለት እወድዳለሁ። ልጄ ሆይ፣ መሐሉ ላይ የሚታየው ውኃ ነው፤ ይህስ ልክ ነው። ነገር ግን ውኃውን «ውኃ ነዋ!» ብሎ ለማሳቅ እንኳ፣ በፊት ሄዶ ማየት ይገባ ነበር።